የመርከቦቹ አዋጅና የእኔ ጋብቻ

እጅ ማውጣት ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ ስብሰባ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። እጅ አወጣጥ እኮ ብዙ ዓይነት አለው። ክንዱን እስከ ጣራው ድረስ የሚሰቅል አለ፤ ይህ አዲስ ተቀጣሪ ነው፣ ቀስ እያለ ይማራል። ዓይኑን አለቃው ክንድ ላይ ተክሎ ጠብቆ፣ አብሮ የሚያነሣ አለ፤ ይህ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ ነው። ጣቱን ጆሮው አጠገብ ሲደርስ የሚያቆምም አለ። ነገሩ ከሠመረ ደግፌው ነበር ይላል፤ ከተበላሸ ደግሞ እኔ ጆሮዬን እያከክሁ ነበር ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ ሳይወጣ ከሥራ ሲባረር አይቼ አላውቅም።

የአገራችን ሰው በሽማግሌ ተጋባ፣ በፍቅር ተጋባ፣ በጠለፋ ተጋባ ሲባል ሰምታችኋል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምጽ የተጋባ ሰው ግን ታውቃላችሁ? እንግዲያውስ ተዋወቁኝ። ያውም ምክር ቤቱ ስለ እኔ ተወያይቶ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ውይይቱ ስለ መርከቦች ምዝገባ የቀረበ ረቂቅ አዋጅ ነበር። እኔ ደግሞ የነበርሁት ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ ባሕር ቀርቶ የክረምት ጎርፍ እንኳ ሳያድር የሚያልፍባት ከተማ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ከጎጃም ዋግ ኽምራ ተመደብሁ። ሥራዬ ጋዝጊብላና ፃግብጂ ድረስ በእግርም በበቅሎም እየዞርሁ ከብት መከተብ ነው። የአገሩ ሰው እንግዳ አክባሪ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራል። ስለ እናንተ የሚነጋገረው ሲኖረው አማርኛውን ትቶ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጥኛ ይገባል። እናንተም ፈገግታችሁን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። እየሰደቡኝ ይሁን እያመሰገኑኝ ሳላውቅ የጠጣሁት ጠላ ብዛቱ ለጉድ ነው።

ለምለምን ያወቅኋት የእናቷን ላም ልከትብ ሄጄ ነው። ላሟ ረገጠችኝ፣ ልጅቱ ሳቀች፣ ነገሩ በዚህ ተጀመረ። ለምለም አስተማሪ ናት፤ ስትስቅ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አፏን አትሸፍንም። ከዚያ በኋላ በሰቆጣ ምድር የዚያችን ላም ያህል የታከመ ከብት የለም። በሽታ ባይኖርባትም ልያት እያልሁ እመላለስ ነበር። እናቷ እትዬ ጥሩ ነገሩ ገብቷቸው፣ ላሟን ትተህ አርፈህ ሽማግሌ ላክ አሉኝ።

ሽማግሌ መላክስ ይላካል፤ ግን ለማን? የለምለም አባት አያ ንጉሤ በዚያ ወራት አዲስ አበባ ነበሩ። ጠንካራ ገበሬ፣ የተከበሩ አስታራቂ ናቸው፤ ሕዝቡም መርጦ ፓርላማ አስገብቷቸዋል። ከተማው በእሳቸው ይኮራል፤ ይሁን እንጂ ከገቡ ወዲህ በቴሌቪዥን ያያቸው ሰው አልነበረም። እትዬ ጥሩ ብቻ አንድ ጊዜ ትከሻውን አይቻለሁ ይላሉ። የእሱ ትከሻ መሆኑን በምን አወቁ ሲባሉ፣ ኮቱን የተኮስሁት እኔ አይደለሁም እንዴ ብለው ይቆጣሉ።

አያ ንጉሤ ልጃቸውን ለእኔ ለመስጠት ልባቸው እንደማይከጅል ጭምጭምታው ደርሶኛል። ምክንያታቸውም ክፉ አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ዝውውር ሲመጣለት ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል ነው የሚሉት። በዚያ ላይ ባለ አይሱዙ የቆቦ ነጋዴ ለምለምን አይቶ ሽማግሌ ሊልክ ነው ይባላል። እኔ ያለኝ አንድ የመሥሪያ ቤት በቅሎ ነው፤ እሱም በውሰት። ጥር እየተገባደደ ነው፣ ከዚያ በኋላ ዓቢይ ጾም ይገባል፣ ሠርግ የለም። እንቅልፍ አጣሁ። ለምለምን ካላገባሁ እሞታለሁ ብዬ ነበር፤ አሁንም ቢሆን የምሞት ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ነበሩ። አንዱ ቄስ አለነ ናቸው፤ ወግ አጥባቂ፣ በነገር የማይቸኩሉ። ሌላው የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት አያ ታረቀ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ ብይን የሚያነቡ ይመስላሉ። ሁለት ጊዜ በማለዳ እትዬ ጥሩ ደጅ ሄደው ቆሙ። ሁለቱንም ጊዜ አባትየው ይጠየቅ ተባሉ። የሦስተኛው ምልልስ መልስ የሚሰጥበት ነው። እኔም ስልክ ይደወልላቸው ስል ቄስ አለነ ገሠጹኝ። የአባት ቃል ፊት ለፊት የሚቀበሉት ነው፣ ፊቱን ያላየነውን ሰው ሰጥቷል ብለን ነገ ማን ፊት እንመሰክራለን አሉ። ለነገሩ የዚያን ጊዜ ስልክ ለምስጢር አይሆንም ነበር። ቴሌ ሄዳችሁ የስልክ ሣጥኗ ውስጥ ገብታችሁ ስትጮኹ፣ ውጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቶ ስትወጡ ምክር ይሰጣችኋል።

መላውን ያመጡት እትዬ ጥሩ ናቸው። ቴሌቪዥን ፊት የለውም ወይ አሏቸው። ቄስ አለነ ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ አሰቡ። ፊትስ አለው፤ ምስክሩም ብዙ ነው አሉ በመጨረሻ። ወዲያው በአውቶቡስ ሾፌር ለአያ ንጉሤ መልእክት ተላከ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ በዚያው ሾፌር አፍ መልሱ መጣ፦ «ማክሰኞ ከሰዓት ቴሌቪዥን ተመልከቱ። ድምጽ ሲሰጥ ከፈቀድሁ እጄን አወጣለሁ፤ ካልፈቀድሁ አላወጣም።»

እንዲህ ያለ ግልጽ መልእክት ከፓርላማ ወጥቶ ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ያሳለፍሁትን ቀን አትጠይቁኝ። የፓርላማውን አጀንዳ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ዞርሁ። መርከብ ነው ሲሉኝ ልቤ ተሰበረ። ሰውየው እኔን ቢፈቅዱ እንኳ መርከቡን ቢጠሉትስ? እጃቸው አንድ፣ ጉዳዩ ሁለት! አባትሽ መርከብ ይወዳሉ ወይ ብዬ ለምለምን ጠየቅኋት። አባዬ ተከዜን በበቅሎ ሲሻገር ዓይኑን ነው የሚጨፍነው አለችኝ፤ ብላም እንደ ልማዷ ሳቀች።

ማክሰኞ ደረሰ። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ገና ምሳ ሳይደርስ ጢም ብሎ ሞላ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉ ተገልጦለት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቼ ፊት ለፊት፣ እትዬ ጥሩና ለምለም በጎን፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ። ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው። አዋጁ መነበብ ጀመረ። አንቀጽ ይከተላል፣ ንዑስ አንቀጽ ይከተላል። አንዱ ጠጪ የመርከብ ታርጋ ከፊት ነው ከኋላ የሚለጠፈው ብሎ ጠየቀ። አያ ታረቀ ይህ በመመሪያ የሚታይ ነው ብለው ዝም አሰኙት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሕግ ተከታትዬ አላውቅም። አንድ የምክር ቤት አባል ማብራሪያ ይሰጠኝ ብለው ንግግራቸውን ሲያስረዝሙማ በልቤ ረገምኋቸው።

በመጨረሻ አፈ ጉባኤው የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አሉ። አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ካሜራው ዞረ፣ ዞረ፣ እትዬ ጥሩ ኮቱ ያውና ብለው ጮኹ። እውነትም አያ ንጉሤ ናቸው፤ ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ሁለቱን እጆቻቸውን ግን ጭናቸው ሥር አስገብተው ቁጭ ብለዋል። የሆቴሉ ሰው ከቴሌቪዥኑ ዞሮ እኔን አየ። ለምለም ሳቋ ጠፋ። የምትቃወሙ ተባለ፤ አንድም እጅ የለም። እኔ ባርኔጣዬን መፈለግ ጀመርሁ።

ድምጸ ተአቅቦ ያላችሁ ሲባል አያ ንጉሤ ከወንበራቸው ብድግ አሉና እጃቸውን አወጡ።

ምን አወጡ ብቻ! ሰቀሉት እንጂ። ያውም ብቻቸውን። ከንፈራቸውን ነክሰዋል፣ ግንባራቸው አልቦታል፣ አንዴ በዚህኛው አንዴ በዚያኛው እግራቸው ይቆማሉ። አፈ ጉባኤው በአንድ ድምጸ ተአቅቦ በአብላጫ ድምጽ ጸድቋል ብለው መዶሻቸውን ሲያሳርፉ እንኳ የእሳቸው እጅ አልወረደም ነበር። ከዚያ ካሜራው ወደ ሌላ ዞረ።

ሆቴሉ ተናወጠ። ሽማግሌዎቼ ወዲያው ወደ ኽምጥኛ ገቡ። በሕይወቴ ጉዳይ ፊቴ ላይ ይከራከራሉ፣ እኔ የምሰማው «ድምጸ ተአቅቦ» እና «አፈ ጉባኤ» የሚሉትን ብቻ ነው። በኋላ ለምለም እንደተረጎመችልኝ፣ ቄስ አለነ ድምጸ ተአቅቦ ማለት አልሰጥም አልከለክልም ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ በወጋችን የለም ብለው ነበር። አያ ታረቀ በበኩላቸው እጄን ካወጣሁ ፈቅጃለሁ አለ እንጂ በስንተኛው ዙር አላለም፣ እጅ ደግሞ ወጥቷል፣ ቃል ቃል ነው ብለው ተከራከሩ። አባት ድምጸ ተአቅቦ ቢያደርግ እንኳ እናት ትደግፋለች፣ ልጅቱም ትደግፋለች፣ ስለዚህ በአብላጫ ድምጽ ያልፋል ብለውም ጨመሩ። ሰውየው ዳኝነቱን ያለ ምክንያት አላገኙትም።

ክርክሩን የቋጩት እትዬ ጥሩ ናቸው። ተነሡና በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ አሉ። ፊቱን አላያችሁትም? ልጁን መስጠት አስጨንቆት ነው እንጂ፣ አንጀቱ እየተላወሰ ነው እንጂ፣ እንዲህ ቁና ቁና የሚተነፍሰው ለመርከብ ነው? ልቡ ባይፈቅድ ኖሮ እንደዚያ ተነሥቶ ይቆም ነበር? ይህን ብለው እልል አሉ። ቄስ አለነም እውነት ነው፣ የአባት አንጀት ነው ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ለምለም መሳቅ ጀመረች። እኔ በደስታ ያቀፍሁት ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አያ ንጉሤ ሠርግ መደገሱን ሰምተው፣ ሳምንት ሲቀረው ፈቃድ ወስደው መጡ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰው እንኳን ደስ ያለዎ እያለ ከበባቸው። ማን ነው የፈቀደው ብለው ጠየቁ። ሰቆጣ በሙሉ አይተንዎታል፣ እጅዎን አውጥተው አሏቸው። ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር ብዙም አልተነጋገሩም። እኛም ልጃቸው ልትሄድባቸው ስለሆነ ነው አልን።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዬን ይዤ ልወጣ ስል ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ አልሁ። ያን ቀን እጅዎን ስላወጡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኋቸው፤ ከልቤ ነበር። ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምርቃት መስሎት ለአሜን ተሰናዳ። «ልጄ፣» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ያን ቀን እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ የዋልሁት አንተን ለመከልከል ነበር።» ትንፋሽ ለመሳብ ቆም ሲሉ ሰዉ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። «ኋላ ግን ሻይ አብዝቼ ኖሮ ሽንቴ መጣ። አስፈቅጄ ልወጣ ነው እጄን ያወጣሁት።» «አሜን!» አለ ሰዉ። «እንግዲህ ንጉሤ ፓርላማ ገብቶ በቴሌቪዥን ሽንቱን አስፈቀደ ከምባል፣ ልጄን ላንተ መስጠት ቀለለኝ።»

«አሜን! አሜን! አሜን!» ብሎ ዳሱ ተናጋ። ቄስ አለነ በዕድሜያቸው እንዲህ ከአንጀት የወጣ ምርቃት አይተው እንደማያውቁ አጠገባቸው ላሉት ተናገሩ። እኔም ቀና አልሁና፣ ከሁሉም ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልሁ።