አባ ቆጥብ በአንድ ታንክ ቤንዚን የዘመቱት ዘመቻ

በመኪናይቱ በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስተኛው የጎማ ቅያሬ በተፈጸመ በአርባኛው ቀን፣ ይህች ሠረገላ ጎማ እንደ ካልሲ ትቀያይር ነበርና፣ የሰድርና የሴራሚክ ነጋዴ፣ መሪ ጨባጭ፣ ጥሩምባ አስፈሪ፣ ጌታ ዘአምስት መቶ ሃምሳ ፈረስ ጉልበት፣ በገዛ አፋቸው ባወጡት የፈረስ ስም አባ ቆጥብ፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። የሚስታቸው እናት የልብ ሕመምተኛ ናትና ወር በወር ሁለት መቶ ስድሳ ኪሎሜትር ተጉዛ ሐኪም ታያለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያመላለሳት መካኒኩ ልጇ ነው፤ መስኮቷ በካቻቢቴ ካልተደገፈ በማይቆም አሮጌ ናፍጣ ፒካፕ፣ አንድም ቀን ሳያስረፍዳት። አንዱ ልጇ ቤት አሳደሰላት፣ ሌላው ማቀዝቀዣ ገዛላት፣ መካኒኩ ግን ያለው ያች የፊት ወንበር ብቻ ነበረች። እናቲቱም እዚያ ተቀምጣ ለማንም የማታወራውን ታወራው ነበር፤ ሲደክማትም ትከሻው ላይ ታንቀላፋለች።

ወኮነ በአንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ አባ ቆጥብ ሠረገላቸው በመቶ ኪሎሜትር ዘጠኝ ሊትር ብቻ እንደምትጠጣ፣ ይህም በሚያብረቀርቅ ወረቀት እንደተጻፈ ሲያስረዱ፣ መካኒኩ ጉርሱን ሳይውጥ ወረቀት ዳገት አይወጣም፣ በመንገድ ላይ አሥራ አምስት ትጠጣለች ብሎ አመለጠው። ጌታውም ሹካቸውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ያልሰማህ ስማ። ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረ፣ ካርቡሬተር ሲነፋ ያረጀ ሰው ስለ ኮምፒውተር መኪና አፉን አይከፍትም። እማማን በአንድ ታንክ አድርሼ እመልሳቸዋለሁ፣ መቶውን ኪሎሜትር ከዘጠኝ ሊትር በታች። ጠብታ ከጨመርኩ እኔ አልተወለድኩም። ከተሳካልኝ ግን ከእንግዲህ እማማ በዚያ ቆርቆሮ አይሄዱም፤ ወር በወር የማደርሳቸው እኔ ነኝ።»

ገበታው አጨበጨበ።  መካኒኩ አምና በጌታው መኪና አንድ ጊዜ ሲሳፈር የወንበሩ ነጭ ቆዳ እንዳይቆሽሽ በሥሩ ጋዜጣ አንጥፈውለት ነበር፤ ያንን ውጦታል። ይህኛው ግን አልወረደለትም።

የዘማቹም ሠራዊት እነሆ። በቀኝ እመቤቲቱ፣ የመካኒኩ እህት፣ ድሉን በየምዕራፉ ፎቶ ታነሣ ዘንድ ስልክ ይዛ። በኋላ ወንበር እናቲቱ። ክብደት ነዳጅ ይበላል ተብሎ ከሠረገላዋ የተሰደዱት ደግሞ ስኮርታ ጎማ አንድ፣ ክሪክ አንድ፣ የእግር ምንጣፍ አራት፣ ጃንጥላ፣ የእናቲቱ ዘንቢል፣ የመድኃኒቷም ከረጢት ጭምር። የጌታው ቦርጭ ብቻ በፖለቲካዊ ምክንያት ቀረ። ስደተኞቹን ሁሉ በፒካፑ ጭኖ ጓዝ ጠባቂ ሆኖ እንዲከተል መካኒኩ ታዘዘ።

ወእምዝ የመንገዱ ሕግ ተደነገገ። የአየር ማቀዝቀዣው ይዘጋ፣ ቤንዚን ይጠጣልና። መስኮቱም ይዘጋ፣ ነፋስ ይጎትታልና። ፍጥነቱ ሰባ ይሁን። እናቲቱም እንደ ድንች በእንፋሎት እየበሰለች፣ በመሀረቧ ግንባሯን እየጠረገች፣ አንድም ቃል ሳትናገር ሄደች። ዶሮ የጫነ አይሱዙ አለፋቸው። ሚኒባስ አለፋቸው። ትራክተርም አለፋቸው፤ ባለ ትራክተሩ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። አምስት መቶ ሃምሳ ፈረስ ልጓማቸውን እያኘኩ እንደ በግ ተነዱ።

ነገር ግን አንዲት ሚጢጢ ታክሲ ከኋላ ጥሩምባዋን ብትነፋባቸው የጌታው ደም ፈላ፤ እግራቸውም ከአእምሯቸው ቀድሞ ነዳጁን ረገጠ። ፈረሶቹም ተለቀቁ፣ ጠጡም። በዳሽቦርዱ ላይ በመቶ ኪሎሜትር ሠላሳ አንድ ሊትር የሚል ቁጥር ተጻፈ። አባ ቆጥብ ቁጥሩን ባዩ ጊዜ አልደነገጡም፤ ብልህ ናቸውና ዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ዘርግተው መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መለሱት። ይህም ዘመነ ዜሮ ቀዳማዊ ተባለ። ከዚያ ቁልቁል ነበርና ቁጥሩ ሁለት ነጥብ አንድ ሆነ፤ እመቤቲቱ ፎቶ አነሣች፣ ለቤተ ዘመድም ሁሉ ተላከ። በቀጣዩ ዳገት ዜሮ ዳግማዊ ነገሠ፣ ቀጥሎም ዜሮ ሣልሳዊ። በእያንዳንዱ ቁልቁለት አዲስ ዘመንና አዲስ ፎቶ ሆነ። የዳገቶቹን ዜና ግን የጻፈ የለም።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የሦስት ሰዓቱ ተራ አልፎ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እናቲቱ ኮሪደር ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ተቀመጠች፤ ልጇ ከዘንቢሏ ውኃ አውጥቶ አጠጣት።

ሲመለሱም እንዲሁ ሆነ። በዘመነ ዜሮ ዘጠነኛ፣ ያ ዘመን ከጀመረ በሃያ አምስተኛው ኪሎሜትር፣ ቁጥሩ አሥራ ስድስት ነጥብ አራት ሲል፣ ከቤት ሃያ ሰባት ኪሎሜትር ላይ፣ አምስት መቶ ሃምሳው ፈረስ በአንድ ጊዜ ተንበረከኩ። ዝም ጭጭ።

መካኒኩም ከኋላ ደርሶ ቆመ። ሒሳቡን ከማለዳው አውቆት ነበርና፣ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ለማካፈል ይበቃል፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ያመጣውን የቤንዚን ጀሪካን አወረደና አስፋልቱ ላይ፣ በጌታው ጫማ ፊት፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ይህችን ደቂቃ ቀኑን ሙሉ በልቡ ሲያጣጥማት ውሎ ነበር። አባ ቆጥብ ግን ጀሪካኑን ዘለል ብለው አለፉና አወጁ፦

«ጠብታ አትገባም። የማልኩት ስለ ጠብታ ነው፤ ስለ ገመድ የማልኩት የለም። እሰር።»

መካኒኩም አሰረ። ምን ያድርግ፣ እናቱ ውስጥ ናት። እንዲህ ያለች መኪና በጉተታ ከተሮጠባት ማርሿ እንደሚቃጠል ያውቃልና እንደ ቀብር ሰልፈኛ አዘገመ፣ በየአምስት ኪሎሜትሩም ወርዶ የመኪናዋ ሆድ ግሎ እንደሆነ በእጁ ዳሰሰ። አሮጌዋ ናፍጣ ጥቁር እየተፋች ንጉሠ ነገሥቱን ጎተተች።

በዚያች ሰዓት ታላቅ ነገር ሆነ። የሠረገላዋ ቁልፍ ተከፍቶ ነበርና ኪሎሜትሩ ይቆጠራል፣ ቤንዚን ግን አይጠጣም። ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት ወረደ። ወደ አሥራ አንድ ወረደ። አባ ቆጥብም መሪውን በደስታ መቱት። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ። ፎቶውን ገመዱ እንዳይታይ ጎን ጎኑን ቆርጠው ላኩና ለተሰበሰበው ቤተሰብ ሦስተኛውን አዋጅ አወጁ፦

«ከዘጠኝ በታች አልኩ፣ ይኸው። ጠብታ አልጨመርኩም፣ ጀሪካኑ ምስክር ነው። ነገር አልቋል፤ እማማ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ተሳፋሪ ናቸው።»

መካኒኩ ገመዱን እየጠቀለለ ቁጥሩን አየ። ትክክል ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ እሱ ብቻ የሚረታበት ይህ ስንተኛው ነገር እንደሆነ መቁጠር ጀምሮ ተወው። እህቱ ዓይኗን ወደ አጥሩ አዞረች። እሱም የእናቱን ዘንቢል ከፒካፑ አውርዶ በነጩ ቆዳ ላይ ሊያኖር እጁን ዘረጋ።

እናቲቱም ላቧን ጠርጋ፣ በሩን ይዛ ቆመችና፣ ቀኑን ሙሉ ያልተነፈሰችውን በአንድ ጊዜ አወጀች፦

«ስሙኝ ልጆቼ። አማቼ ረትቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቃልም መብላት አያምርም። ለሚመጣው ቀጠሮ መኪናዋ ትምጣ። ታዲያ ነዳጅ የምትቆጥበው ስትጎተት ነውና ገመዱ ከዚሁ ከደጃፍ ይታሰር፤ ልጄ ይጎትታታል። እኔ ገመዱን እንድጠብቅ ከሱ ጎን ፊት እቀመጣለሁ።»

አዋጁን የሚሽር አልተገኘም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አባ ቆጥብ ሴራሚክ የጫነ ኮንቴይነር እንደሚገባባቸው ተሰማ። እናቲቱም በአሮጌዋ ፒካፕ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ በመንገድም አንቀላፍታ።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይወደስ። ከነጋዴዎች መካከል እንደ አባ ቆጥብ ያለ ማን ነው? ሌሎች በነዳጅ ነዱ፣ እሳቸው በመሐላ ነዱ። ሌሎች ዘመናቸው አንድ ነው፣ እሳቸው በአንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ነገሡ። አምስት መቶ ሃምሳ ፈረስ አሰልፈው፣ በሰው ናፍጣ ተጎትተው፣ ድል አድርገው የገቡ፣ ተሳፋሪ ብቻ የጎደላቸው ጀግና፤ ክብራቸው እንደ ጎማቸው በየጊዜው ይታደስ።