የካሜራ መራጭ ኮሚቴው ድል

በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ስሙን ብንጠራው ትሕትናው የሚከፋ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ከሚመሰገንባቸው ብዙ ነገሮች አንዱ ምንም ነገር በችኮላ አለመሥራቱ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ካሚል ይህን ጸጋ በቅጡ የተረዳው ካሜራ በጠየቀ ጊዜ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ጎርፍ ነው። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ የእትዬ ነዒማን የሽንኩርት ማሳ ደለል አለበሰው። ጽሕፈት ቤቱም ፈጥኖ ደረሰላቸው፤ መመሪያ ይዞ። ጉዳቱ ጥራት ባለው ፎቶግራፍ ካልተረጋገጠ የምትክ ዘር አይሰጥም፤ ፎቶው እስኪነሳም ማሳው አይነካም።

"ማሳውን በስልኬ ላንሳው" አለ ካሚል።

"በስልክ?" ኃላፊው አቶ ወልደማርያም እንደተሰደበ ሰው ደነገጡ። "መሥሪያ ቤት እኮ ነን! ሠርግ ቤት መሰልንህ?"

በመካከለኛ በጀት ካሜራ የሚመርጥ፣ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሰባቱ አንዳቸውም ፎቶ አንስተው ስለማያውቁ ገለልተኝነታቸው አያጠራጥርም። ካሚል ግን ሙያው ስለነበረው፣ አድልዎ እንዳይፈጠር ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖረው እንዲቀመጥ ተወሰነ።

"ካሜራው መካከለኛ ይሁን፤ ዋናው ሌንሱ ነው" አለ እጁን አውጥቶ።

"ስንት ሜጋፒክስል አለው?" አሉ አቶ ወልደማርያም።

"ሌንስ ሜጋፒክስል የለውም።"

"ከሌለው ለምን እንገዛዋለን?"

ጉባኤው አጨበጨበ። በሁለተኛው ስብሰባ ካሜራዎቹ በክብደት ተወዳደሩ። ሦስተኛው ሙሉ ቀን የፈጀው በማንጠልጠያው ቀለም ላይ ነው።

እትዬ ነዒማ በየሳምንቱ ይመጣሉ።

"ልጄ፣ ያ ዕቃ መጣ?"

"በግምገማ ላይ ነው እትዬ።"

"ወላሂ፣ ጎርፉ እንኳ በአንድ ቀን ጨርሶ ሄዷል!"

ካሚል መሬት መሬት ያያል።

በአራተኛው ወር ከሁሉም የከበደው ካሜራ ያለ ሌንስ ተገዛ። ካሚል ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሌንስ ተውሶ ገጠመለት፤ ኮሚቴውም ሙሉ አባላቱን ይዞ ወደ ማሳው ወረደ።

አቶ ወልደማርያም የተሰነጣጠቀውን ደለል አይተው ፊታቸውን አኮማተሩ። "ይሄ ለገጽታችን አይሆንም" ብለው ከፊቱ ወዳለው የጎረቤት ለምለም ማሳ ተሻገሩና አንድ እስር ሽንኩርት ነቅለው ደረታቸው ላይ ያዙ። "አንሳኝ! 'ጎርፍን ድል የነሳ አመራር' በለው።"

"እኔስ?" አሉ እትዬ ነዒማ ከኋላ፣ ከደለላቸው መሐል ቆመው።

"ጊዜ ከተረፈ።"

ካሚል ዓይኑን ወደ ካሜራው አስጠጋ። ከፊት ኃላፊው፣ ከኋላ ሴትዮዋ። አራት ወር ማፈር በቃው። ምስሉን የሚያጠራውን የሌንሱን ቀለበት ቀስ አድርጎ አዞረና ቁልፉን ተጫነ። ቢሮ እንደገባም ማንንም ሳያስፈቅድ ፎቶውን ከእትዬ ነዒማ ማመልከቻ ጋር አያይዞ ለበላይ አካል ላከ።

በሳምንቱ ዘሩ ተፈቀደ። "ጉዳቱ ጥርት ብሎ ታይቷል" ይላል ደብዳቤው። ኮሚቴው ድሉን ሊያይ ተሰበሰበና ፎቶው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ በራ። የደለሉ ስንጥቅ ሁሉ ይቆጠራል፤ የእትዬ ነዒማ ሻሽ ላይ ያለው አቧራ ሳይቀር ይታያል። ከፊት ግን ሽንኩርት የታቀፈ ጭጋግ ቆሟል።

"ይሄ ጭጋግ ምንድን ነው?" አሉ አቶ ወልደማርያም።

"እርስዎ ነዎት ጋሼ።"

ከዚያ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውንም የጻፈው ካሚል ነው፦ "ካሜራው ከኃላፊ በስተኋላ ያለውን ሕዝብ የማየት ከባድ የቴክኒክ ብልሽት ስለተገኘበት፣ ከአገልግሎት ውጪ ይሁን።"