ክቡር መርማሪ ለይኩን እና የሐመልማል ኪሎ

በዚህ ከተማ ከጥናት ሰው ያመለጠ ቤት የለም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ እንኳ በር ሲዘጋበት ገምቶ ይሄዳል፤ የጥናት ሰው ግን መገመት ክልክል ነው ይልና በማግስቱ ይመለሳል። ውሻው ሳይቀር ይለምደዋል። አንገቱ ላይ መታወቂያ፣ ብብቱ ሥር መጠይቅ፣ ፊቱ ላይ የማይነቀል ፈገግታ። ምን ፈልገህ ነው ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ለጥናቱ ነው።»

ጉራራ ዳገቱ ላይ ይኖሩ ለነበሩት ለእማማ የማርያምወርቅ የደረሳቸው ለይኩን የሚባል ቀጭን ጎልማሳ ነበር። እሳቸው «ክቡር መርማሪ» ይሉታል። መጀመሪያ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ልጃቸው ወርቄ ሴት ልጅ በወለደች በአምስተኛው ቀን ነው። በአንድ ትከሻው ሚዛን፣ በሌላው የሬሳ ሣጥን ክዳን የሚመስል የቁመት መለኪያ ጣውላ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ሕፃኗን ልመዝን ነበር፣ እማማ። እናቷ ሆስፒታል ሳለች ፈቅዳ ፈርማለች። ለጥናቱ ነው።»

«ክርስትና ያልተነሣ ልጅ እንደ ሽንኩርት ይመዘናል እንዴ?»

«ሁለት ኪሎ ሆና ነው የተወለደችው። ትንንሽ ሆነው የተወለዱ፣ ወዲያው ደግሞ ቢጫ የሆኑ ልጆች ሲያድጉ በቁመት፣ በመስማት፣ በአእምሮ ወደ ኋላ ይቀሩ እንደሆነ ለማወቅ ነው የምናጠናው።»

ይህች «ወደ ኋላ» የምትባል ነገር እማማ የማርያምወርቅን አንገበገበቻቸው። የእሳቸው የልጅ ልጅ? ሕፃኗ ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት መጋረጃ በተጣለበት ጓዳ ውስጥ ተሸፍና ነው ያለችው። ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ በቀን ብርሃን ያያት የለም። ያንን ሚጢጢ ገላ ለማያውቁት ሰው ገልጦ ማሳየት የማይታሰብ ነው።

እምቢ ቢሉት ነገም እንደሚመጣ ከፈገግታው ገባቸው። ስለዚህ በጓሮ በር ወጥተው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጵርስቅላ ሄዱና የሦስት ሳምንት ልጇን ባርኮትን ተዋሱ። ጵርስቅላ ጴንጤ ናት፤ ውሸት አትወድም። «እኔ አልሰጠሁም፤ እርስዎ ነዎት የወሰዱት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እማማ ባርኮትን በልጅ ልጃቸው በሐመልማል ፎጣ ጠቅልለው ብቅ አሉ።

«ይኸው! በል መዝን።»

ለይኩን ፎጣውን ገልጦ ልጁን ሚዛኑ ላይ አስተኛው። አራት ኪሎ ተኩል። «ፆታ፦ ሴት» የሚለውን መስመር በማየት ላይ እንዳለ ባርኮት ሽንቱን እንደ ቀስተ ደመና አጉብጦ መጠይቁ ላይ አወረደው።

«እማማ፣ ኪሎዋ በአምስት ቀን ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።»

«አያቷ እኮ እኔ ነኝ!»

«ወንድም ሆናለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ለይኩን ግን የራሰውን ወረቀት ፀሐይ ላይ አሰጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እውነተኛዋን ሳላይ አልሄድም» አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። እማማ ተሸነፉ አይባልም፤ ሰለቻቸው። መጋረጃውን ገልጠው ሕፃኗን ወደ በሩ ብርሃን አመጧት። ለይኩን ግንባሯን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ቆዳዋ እንደ እርድ ቢጫ ነበር። የዓይኗ ነጩም እንደዚያው። ያን ጊዜ ፈገግታው ጠፋ።

«እማማ፣ ይሄ ለጥናቱ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል!»

ሚዛኑንም ጣውላውንም እዚያው ጥሎ፣ ሕፃኗን ከነእናቷ ይዞ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረደ። በዚያ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ቢጫነቱን ማን ያየው ነበር? ሐመልማል ዓይኗ ተሸፍኖ አራት ቀን ቢጫነቱን በሚያጠፋው ሰማያዊ መብራት ሥር ተኛች። እማማ አራቱንም ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አሳለፉ። ድና ስትወጣ ምስጋና የጠበቀ ካለ እማማ የማርያምወርቅን አያውቅም።

«ወደ ኋላ ትቀራለች ያልካትን በደንብ አድርገህ ጻፋት፤ እናያለን!» አሉት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ጦርነት ሆነ። ክቡር መርማሪ በየስድስት ወሩ ይመጣል። እማማ ልጅቷን ሦስት ሹራብ ደራርበው ሚዛኑ ላይ ያወጧታል፤ እሱ አንድ በአንድ ያስወልቃል።

«ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን እንቁላል በላች?»

«ስምንት ቀን።»

«ሳምንት ሰባት ቀን ነው፣ እማማ።»

«አንዱን ቀን ሁለቴ በልታለች፤ ጻፍ!»

መስማቷን ሊፈትን ከጀርባዋ ደወል ሲያቃጭል ሐመልማል ዞር ካላለች፣ እማማ ከወዲያ ሆነው ይጮኻሉ፤ «ሰምታለች! ንቃህ ነው!»

በ2008 ዓ.ም. ለወርቄ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላትና ቤተሰቡ ወደ የካ አባዶ ተዛወረ። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሞልቷት የመጨረሻው ልኬት የሚደርሰው ጥቅምት ላይ ነበር። ጥቅምት አለፈ፤ ለይኩን አልመጣም። ኅዳርም ገባ። እማማ «ተገላገልነው» ይላሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አንድ ማለዳ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጅቷን በእጃቸው ይዘው በሚኒባስ መገናኛ ወረዱ፤ የጥናቱ ቢሮ እዚያ ነው።

አስተባባሪዋ መዝገቡን አገላበጠች። «ከጥናቱ ቀበሌዎች ወጥታችኋል፣ እማማ። 'ያልተገኙ' ከሚለው ውስጥ ነው ያስገባናችሁ።»

«ይኸው ተገኘን!»

«መዝገቡ ሊዘጋ ነው እኮ…»

«ትንሽ ናት ብላችሁ ጻፋችሁ። ቢጫ ሆነች ብላችሁ ጻፋችሁ። አሁን ደረጃውን በሩጫ ስትወጣ ጊዜ መዝገቡ ይዘጋል? ድና ያደገችው ካልተጻፈች ወረቀታችሁ ውሸታም ነው። እኔ ሳትጻፍ ከዚህ ወንበር አልነሣም!»

ለይኩን ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «አባዶ ድረስ ልሂድላቸው ብዬ ጠይቄ ነበር፤ አልተፈቀደልኝም» አለ። አስተባባሪዋ አያቲቱን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ ከዚያ በእጇ ወደ ሚዛኑ አመለከተችው።

ዐሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከግማሽ። ቁመቷ ከእኩዮቿ ጋር እኩል። በሹክሹክታ የጠሯትን ሰማች፤ «ሰው ሣዪ» ስትባል አምስት አምስት ጣት ያለው ሰው ሣለች።

«አሁን በአንድ እግርሽ ቁሚ» አለ ለይኩን።

«ለምን?»

«ለጥናቱ ነው።»

«አንተስ?»

ክቡር መርማሪ አንድ እግሩን አነሣ። ከዚያ እሷም አነሣች፤ እሱ ቀድሞ ተንገዳገደ። እማማ እስኪጽፍ ጠበቁ። ጻፈ። ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዙሮ የመጨረሻውን መስመር በጣቱ እየጠቆመ አነበበላቸው፤ «ዕድገቷ በሁሉም ረገድ ከዕድሜዋ ጋር የሚሄድ።»

«ድገመው» አሉት። ደገመው።

«በቃ እማማ» አለ ብዕሩን እየከደነ። «ጥናቱ አልቋል። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።»

እማማ የማርያምወርቅ የልጅቷን ሹራብ እየቆለፉ ቀና ብለው አዩት።

«ያለቀው የእናንተ ነው፤ የእኔ መቼ አለቀ? ሚያዝያ ላይ ሚዛንህን ይዘህ ና። አባዶ፣ አምስተኛው ፎቅ ነው» አሉና ወደ በሩ አመሩ። ደፉ ላይ ደርሰው ዘወር አሉ።

«ምሳ ሳትበላ ና!»