የጂኦግራፊ መምህሩ መታጠቢያ ቤት ሲያድሱ

በየቤተሰቡ ባለሙያ መጥራትን እንደ ስድብ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እጅጌውን የሚሰበስብ፣ ሶኬት ሲቃጠል ቢላዋ ይዞ የሚነሳ፣ ቤቱን በሙሉ በሽቦና በፕላስተር አስሮ የሚያኖር ሰው። በእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ፣ ሰውዬው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው የእህቴ ባል ናቸው። ሙያቸው የጂኦግራፊ መምህርነት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ አንቱ የምላቸውም በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው። መዶሻ ሲይዙ ደግሞ አክብሮቴ ይጨምራል፤ ያኔ ራቅ ብዬ ነው የማከብራቸው። ዓለም ላይ ለሚገጥማቸው ችግር ሁሉ ያላቸው መልስ አንድ ነው፦ «ምን ይከብዳል?»

ነገሩ የተጀመረው እናታችን ጉልበቷን ታማ እህቴ ቤት መኖር ስትጀምር ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ጠርዙ ከፍ ያለ ስለሆነ እህቴ ከብብቷ፣ እኔ ከእግሯ ይዘን ነበር የምናስገባት። አንድ ቀን ገንዳው ውስጥ እንዳስቀመጥናት ቀና ብላ አየችንና፣ «ሶፋ እንኳ ሲያጓጉዙት ልብሱን አያወልቁበትም» አለች። ከዚያ ወዲህ ገላሽን ታጠቢ በተባለች ቁጥር ብርድ ብርድ ይላት ጀመር።

ጋሼ ይህን ሰሙ። ማታ እራት ላይ ውሳኔያቸውን አሳወቁ።

«ገንዳው ይወጣል። ወለሉ ከኮሪደሩ እኩል ይሆናል። እማማ እየተራመዱ ይገባሉ።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ባለሙያ እንጥራ» አለች እህቴ።

ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምን ይከብዳል? መታጠቢያ ቤት ማለት ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍል ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት ውሃ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ነው።»

ይህን ንግግር እህቴ እስከ ዛሬ በቃሏ ትወጣዋለች።

የመጀመሪያው ሥራ ውሃውን መዝጋት ነበር። ክቡርነታቸው ደረጃው ሥር ከተደረደሩት ማዞሪያዎች አንዱን መርጠው ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ተመልሰው የገንዳውን ቧንቧ ሲፈቱ ውሃው ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታ። እኛ በባልዲ ስንራወጥ በሩ ተንኳኳ። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ናት፤ ካፖርት ደርባ፣ ፀጉሯን የሻምፖ አረፋ ሸፍኖት ቆማለች።

«ውሃ የዘጋብኝ ማነው?»

ጋሼ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው ብቅ አሉ። «ለካስ ያንቺ ኖሯል» አሉ፣ አዲስ ሐይቅ እንዳገኘ ሰው። «ችግር የለም፤ እዚህ ሞልቷል። ግቢና ተለቅለቂ።»

ገባች ብላችሁ ታምናላችሁ? ገባች። ሻምፖ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያ ኩራት የለም። ጎንበስ ብላ ፀጉሯን አለቅልቃ፣ ጋሼን አመስግና ወጣች።

ከዚያ ገንዳውን መስበር መጣ። ጋሼ መዶሻውን ከፍ አድርገው አሳረፉት። ገንዳው ምንም አልሆነም፤ የመዶሻው ራስ ግን ከእጀታው ወልቆ ሄዶ መስታወቱን አገኘው። ባዶ እጀታቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና፣ «መስታወቱም አርጅቶ ነበር» አሉ። በመጨረሻ ገንዳው ሳይሰበር፣ በፎቁ ጎልማሶች ሸክምና እርግማን በደረጃው ወረደ።

ሴራሚኩን ማንጠፍ የጀመሩት ከበሩ ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ። ወለል ወልውሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ግን «ሥራ ላይ አታናግሩኝ» ብለውናልና አላናገርናቸውም። የመጨረሻዋን ሴራሚክ አስቀምጠው ቀና ሲሉ ራሳቸውን ጥግ ላይ አገኙት፤ ኋላቸው ግድግዳ፣ ፊታቸው እርጥብ ሲሚንቶ። ሳይደርቅ ማንም እንዳይረግጥ ያዘዙት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ጋሼ በሕግ የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ አጠገባቸው ያለውን የሽንት ቤት መቀመጫ ክዳን ዘግተው ተቀመጡበት።

እህቴ ምሳቸውን በፌስታል ቋጥራ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አቀበለቻቸው። ቀጥሎ የተማሪዎቻቸውን የፈተና ወረቀት ጠየቁ፤ እሱም በመጥረጊያው ሄደ። እዚያው ተቀምጠው ማረም ጀመሩ።

እኔ ወሬውን ሰምቼ ላፌዝ መጣሁ። ስደርስ እማዬ ወንበሯን አስወጥታ ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ታስረህ ቀረህ?»

«የለም እማማ፣ እስኪደርቅ ነው።»

«ባለሙያ ቢጠራ ምን ነበረበት? በእኔ የተነሳ ወገብህ ተቆረጠ።»

ጋሼ ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ባለሙያ ግድግዳውን ለክቶ ይሄዳል፤ እርስዎን አይለካም። እስቲ ከወንበርዎ ይነሱ።»

እማዬ ግራ እየገባት የበሩን መቃን ይዛ ተነሳች።

«እንዳሉ ይቆዩ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ እጃቸው ያረፈበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። አሁን ይቀመጡ እማማ። ደግመው ይነሱ፤ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ልማድዎ።»

ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ተነሳች። እኔ ምልክት አደረግሁ።

«ሲታጠቡ የሚይዙት ብረት ግድግዳው ላይ የሚተከለው በዚያ ቁመት ነው» አሉ ጋሼ። «ከዚያ ከፍ ቢል ትከሻዎን ያማል፤ ዝቅ ቢል ጉልበትዎን ይፈጃል።» ይህን ብለው ወደ እርማታቸው ተመለሱ። ላፌዝ የመጣሁት እኔ ምልክቱን በእርሳሱ ደግሜ አደመቅሁት።

ሥራው ሲያልቅ አንዱ ሴራሚክ ከጎረቤቱ ጋር አይስማማም ነበር፤ ግድግዳውን አተኩሮ ያየ ሰው ራሱ ይዞርበታል። ብረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ እግራቸውን ሰብስበው ተንጠለጠሉበት። እህቴን አንጠለጠሏት። ነርሷን ከላይ አስጠርተው እሷንም አንጠለጠሏት። ቤቱ ይፈርሳል እንጂ ያ ብረት አይነቀልም።

ቀጥሎ የውሃው ሙከራ ሆነ። ሁላችንም በሩ ላይ ተኮልኩለን ጋሼ አንድ ባልዲ ውሃ ደፉ። ውሃው ወለሉ መሀል ደርሶ ቆም አለ፤ ያሰበ ይመስል ነበር። ከዚያ ለመውረጃው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ እኛ መጣ፣ በእግራችን መካከል አልፎ ኮሪደሩን ተያያዘው።

«ተፋሰሱ ትንሽ ተዛብቷል» አሉ ጋሼ።

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርኩት ውሃ ከየት ወደ የት...» ብላ ጀመረች፤ ሳቅ አላስጨርስ አላት። ጋሼ አልሳቁም። እርጥቡን ወለል እያዩ፣ «አፈርሰዋለሁ» አሉ፣ ሰምቼው በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ።

«ምኑን ነው የምታፈርሰው?»

እማዬ ናት፤ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጥታለች።

«እማማ፣ ውሃው ወደ ውጭ ነው የሚመጣው።»

«እኔ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የምገባው። ምን አገናኘን?»

መንገድ ለቀቅንላት። ቀስ እያለች ገባች። ብረቱን ጨበጠችው። በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥ የመቆለፊያው ድምፅ ተሰማ። ከታመመች ወዲህ ያን በር ስትቆልፍ ሰምተናት አናውቅም። እህቴ ሳቋን አቆመች።

ብዙም ሳይቆይ ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ በበሩ ሥር መምጣት ጀመረ። ጋሼ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ተንበረከኩና በጨርቅ እየመጠጡ ባልዲ ውስጥ ይጨምቁ ጀመር። እህቴ፣ «እማዬ፣ ውሃውን ትንሽ...» ልትል አፏን ስትከፍት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ተያቸው፤ ይታጠቡ» አሉ በሹክሹክታ።

ከውስጥ የእማዬ እንጉርጉሮ ይሰማል። እኔም ጫማዬን አውልቄ፣ ሌላ ጨርቅ ይዤ ከጎናቸው ተንበረከክሁ። ጋሼ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እማዬ ውሃውን ጨመረች።