ግሌንዳ ትደውልልሽ

በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት አለች። አለቃ አይደለችም፤ የማኅበር ተጠሪም አይደለችም፤ ማንም አልሾማትም። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ደሞዙን አይቶ ፊቱ ሲጠቁር ግን ከሻይ ክፍሉ ጥግ ብድግ ብላ የምትመጣው እሷ ናት። እዚህ ግሪምስቢ፣ በወደብ ከተማችን፣ ዓሣ በምናሽግበት ፋብሪካ፣ ይህን ዙፋን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ግሌንዳ ተክስወርዝ ናቸው።

"የግብር ኮድሽ ተሳስቷል" ትላለች፣ ወረቀቱን እንኳ ሳታይ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። ከደሞዝሽ ስንት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ይህ ኮድ ከተሳሳተ፣ ደሞዝሽን ገና ሳታዪው መንግሥት ይጎርሰዋል። ቢሮ ያሉት "ይስተካከላል" ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ሁላችንም አንድ ቀን መቃብር ውስጥ ተስተካክለን እንጋደማለን።

እሜቴ ግሌንዳ ግን መጠበቅ አያውቁም። "ስልኩን ወዲህ በይ!" ትላለች። ግብር ቢሮ ትደውልና ድምፁን ለቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሰው እስኪያነሳ ከማቆያው ሙዚቃ ጋር እያንጎራጎረች ቋሊማዋን ትገምጣለች። ሲያነሱ ደግሞ ባለጉዳዩን ራሱን ትሆናለች። አንድ ጊዜ ዕቃ ጫኙን፣ ባለ ጢሙን ሊቱዌኒያዊ፣ ዶቪዳስን ሆነች።

"አቶ ዶቪዳስ ነዎት?" አለ የግብር ቢሮው ልጅ ግራ ገብቶት።

"እንዴታ! ጉንፋን ይዞኝ ነው።"

ገንዘቡ ተመለሰለት። እስከ ዛሬ ለገና በጭስ ያደረቀውን ዓሣ ያመጣላታል፤ ዓሣ አንሶን ይመስል።

አፏ ግን አያድርስ ነው። ለግሌንዳ ምስጢር ከመንገር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይሻላል፤ ሰሌዳው ቢያንስ አይጨምርበትም። ስለዚህ እኔ ስቀጠር የደሞዝ ወረቀቴን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸሸግኩት። ብዙ ተቆርጦብኝ ነበር። እኔ ሥራ ስውል እናቴ ዘንድ ለምትቀመጠው ሴት የምከፍለው አልቀረኝም፤ በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ከሆነ ሥራውን መተው ነው። ትምህርት ቤት በልጅነቴ ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በወረቀት መሸነፍ ለምጄዋለሁ።

"ምነው ኦድሪዬ፣ ዓሣው ሞተብሽ እንዴ?" አለችኝ ግሌንዳ። "ነይ እስቲ። ስትቀጠሪ ቅጹ ላይ የትኛውን ሣጥን ነው ምልክት ያደረግሽበት?"

"ሦስተኛውን።"

"ሌላ ሥራ አለኝ የሚለውን? የት ነው ደግሞ የምትሠሪው?"

"እናቴ ናት" አልኩ። "ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ሌሊት ማገላበጡ... ሌላ ሥራ የለኝም ብል ውሸት መሰለኝ።"

ሻይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግሌንዳ አልሳቀችም።

"ስልኩን ወዲህ በይ" አለች፣ ዝግ ብላ። ድምፁን አልለቀቀችውም። በጓሮ በር ይዛኝ ወጣች፤ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ሲያነሱላት እኔን ሆነች፤ የምሰማው እሷ የምትለውን ብቻ ነው።

"ተሳስቼ ነው የኔ ልጅ፤ ሌላ ሥራ የለኝም... እናቴን ነው የማስታምመው... ማን ይከፍለኛል ብለህ ነው!... አይ፣ ፈረቃ የሚቀይረኝም የለም።"

ኮዱ ተስተካከለ፤ የተቆረጠብኝም ተመለሰ። ሴትዮዋም እናቴ ዘንድ መምጣቷን ቀጠለች። በዚያ ጓሮ የተባለውን ግሌንዳ ለማንም አልተነፈሰችም።

እናቴ በመጋቢት ሞተች። ሰው ሲሞት ማልቀስ ይበቃ ይመስል፣ መደወልም አለ፤ ለባንኩ፣ ለጡረታው፣ ለመብራቱ፣ ለሐኪሙ። ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኩን አያለሁ። "ሞተች" የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ማውጣት አቃተኝ። ግሌንዳ ማንም ሳይጠራት ከነቦቲዋ ገባች።

"ስልኩን ወዲህ በይ።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። "ኦድሪ ነኝ፤ እናቴ አርፋለች" አለች ለባንኩ። "እናቴ አርፋለች" አለች ለጡረታው። ለመብራቱም እንደዚያው። ለሐኪሙ ስትደውል "እናቴ..." ብላ ቀጥ አለች። ወዲያ ማዶ ያለችው ልጅ አንድ ነገር ጠየቀቻት መሰለኝ።

"ደህና ነኝ፣ የኔ እናት" አለቻት ግሌንዳ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ጉንፋን ይዞኝ ነው።"