ወይዘሮ ተናኜና ሹፌር የሌለው ባቡር

መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የአዲስ አበባ መኪና ሁሉ እስካሁን ገደል ገብቶ ነበር። በየታክሲው ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ ከሹፌሩ ቀድሞ የሚደነግጥ፣ ወለሉን በእግሩ የሚረግጥ፣ "ቀስ በል እንጂ!" እያለ ከተማዋን ከጥፋት የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እርስዎም ያውቁታል። ምናልባት አክስትዎ ናቸው።

በእኛ ሰፈር፣ ሾላ ገበያ ጀርባ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ወይዘሮ ተናኜ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን መሪ ጨብጠው አያውቁም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊነታቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ከመገናኛ ቦሌ የሚመላለሰውን ታክሲ በሙሉ ከኋላ ወንበር ሆነው ይነዱታል። ትእዛዛቸው አንድ ነው፦ "ያዛት!" ፊት ለፊት አህያ ካለች "ያዛት!" አህያ ከሌለችም፣ ልትመጣ ስለምትችል፣ "ያዛት!"

አንድ ቀን ኦሎምፒያ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ "ያዛት!" አሉ።

"እማማ፣ ቆመናል እኮ" አላቸው ሹፌሩ ዞር ብሎ።

"ቆመህም ያዛት።"

የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ደግሞ ለክብራቸው ሲባል የሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ከፊት ተቀመጡ። የሠርጉን ቪዲዮ ያየ ሰው ይመሰክራል፤ ከእልልታው ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው። ሙሽራዋ ያለቀሰችው ከእናቷ ስለተለየች ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። እኔ አላምንም።

ታዲያ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ግድም ቦሌ አካባቢ አንድ የመዝናኛ ቦታ ተከፈተና ሮለር ኮስተር የሚባል ነገር መጣ። ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር ነው። የምሠራበት ጋዜጣ አለቃዬ "አዲስ፣ ተሳፈርበትና ጻፍ" አለኝ። ስህተቴ ይህንን ሱቅ በር ላይ ለወይዘሮ ተናኜ ማውራቴ ነበር።

"ማነው የሚነዳው?" አሉኝ።

"ማንም። ሹፌር የለውም።"

የያዙትን ሽንኩርት መሬት አስቀመጡ። "ሹፌር የሌለው ነገር ላይ ብቻህን አትወጣም፣ አዲስ። እኔም እሄዳለሁ።"

በማግስቱ አብረን ሄድን። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ሙዘሚል የሚባል ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ወጣት ነበር። ወይዘሮ ተናኜ ሰላምታ እንኳን አላስጨረሱትም።

"ፍሬኑ የት ነው?"

"ባቡሩ ላይ ፍሬን የለም፣ እማማ።"

እጅጌዬን ጭምድድ አድርገው ያዙ።

"ፍሬኑ ሐዲዱ ላይ ነው" አለ ሙዘሚል ፈጥኖ። ወደ መድረሻው ወሰደንና በሐዲዱ መሀል ትይዩ የቆሙ ብረቶች አሳየን። "ከባቡሩ ሆድ ሥር አንድ ወፍራም ዝርግ ብረት አለ። እዚህ ሲደርስ እነዚህ ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ያስቆሙታል።"

"መብራት ቢጠፋስ?"

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚሳፈር የአዲስ አበባ ሰው ካለ ለከተማው እንግዳ ነው።

"መብራት ሲጠፋማ ይበልጥ አጥብቆ ነው የሚይዘው" አለ ሙዘሚል ፈገግ ብሎ። "ፍሬኑን የሚከፍተው የአየር ግፊት ነው። የሚዘጋው ግን ስፕሪንግ ነው። አየሩ ከጠፋ ስፕሪንጉ ራሱ ይነክሳል።"

"ሽቅብ ሲወጣ ቢቆምስ?"

"ሽቅብ የሚጎትተው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ቢቆም ከባቡሩ ሥር ያለው ጥርስ ሐዲዱ መሀል ያለውን ደረጃ ደረጃ ብረት ይጠልፋል። ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሲወጣ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እሱ ነው።"

"ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላስ ማን ይገፋዋል?"

"ማንም። በገዛ ክብደቱ ነው የሚወርደው። ከወረደበት ፍጥነት ባገኘው ጉልበት ቀጣዩን ጉብታ ይወጣል። ጉልበቱ እያለቀ ስለሚሄድ ነው የኋለኞቹ ጉብታዎች ያነሱት።"

የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። ወይዘሮ ተናኜ ጎንበስ ብለው ጥርሱን አዩ፣ ደረጃ ደረጃውን ብረት በጣታቸው ነኩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊተኛው ወንበር እጎኔ ተቀመጡ። ሙዘሚል ጭናችን ላይ ብረቱን አወረደ። ጉዞው ተጀመረ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ጫፉ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መብራት ጠፋ።

ባቡሩ ነቅነቅ አለና ጀርባችንን ወደ ምድር ሰጥቶ ቆመ። ጩኸቱ ቀለጠ። ከታች ሙዘሚል "እንዳትነሱ! ጄኔሬተር እናስነሳለን!" ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም። ከኋላችን የተቀመጠች ቀጭን ልጅ ከብረቱ ሥር መሹለክ ጀምራለች። አንድ እግሯ ወጥቷል። ከእግሯ በታች ያለው አየር ብቻ ነው።

"ወደ ኋላ ሊንሸራተት ነው! እወርዳለሁ!"

ወይዘሮ ተናኜ ዞር አሉ።

"ስምሽ ማነው፣ የኔ ልጅ?"

"ብሩክታይት።"

"ብሩክታይት፣ ስንወጣ ቀጭ ቀጭ ሲል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ጥርስ ነው። አሁን ብረቱን ነክሶ ይዞናል። ስንዝር ወደ ኋላ አንሄድም። በጣቴ ነክቼ ነው የወጣሁት።"

"እርግጠኛ ነዎት፣ እማማ?"

"እኔ ማንንም ሹፌር አምኜ አላውቅም። ይሄን ግን አምኛለሁ። በይ እግርሽን መልሺ።"

ልጅቷ ዓይናቸውን እያየች እግሯን መለሰች። ሌላው ሰውም ጩኸቱን ትቶ ያዳምጥ ጀመር። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ተናኜን ማን ያስቁማቸው! ስለ ስፕሪንጉ፣ ስለ አየሩ፣ የኋለኞቹ ጉብታዎች ለምን እንዳነሱ፣ ሐዲዱን እሳቸው የዘረጉት ይመስል አንድ በአንድ አስረዱ። አንድ ጎልማሳ ከኋለኛው ወንበር ሆኖ ጥያቄ እስከመጠየቅ ደረሰ። መለሱለት።

ጄኔሬተሩ ሲጮህ ሰንሰለቱ ጎተተን። ጫፉን አለፍን፣ ተወረወርን፤ ስለ እኔ ጩኸት እዚህ አልጽፍም። መድረሻው ላይ ፍሬኑ ሹፍ ብሎ ያዘና ቆምን።

ብሩክታይት ሮጣ መጥታ የወይዘሮ ተናኜን ትከሻ ደጋግማ ሳመች። ከዚያ እንባ ባቀረረ ዓይኗ ወደ እኔ ዞረች።

"እናትህ ናቸው?"

"አዎ" አልኳት።

ወይዘሮ ተናኜ ሰምተዋል። አላረሙኝም። ልጅቷ ፈንጠር እስክትል ጠበቁና የመውጫውን አጥር ተደግፈው በቀስታ ጠሩኝ።

"ልጄ ከሆንክ ታዲያ ና ደግፈኝ። ጉልበቴ እዚያ ላይ እያለን ነው የከዳኝ።"