ሁለት እርምጃ ወደ ግራ

ባዚል፦ ወረቀቱ ቦታው አይደለም።

ኦርቪል፦ ቦታው ነው።

ባዚል፦ አይደለም አለቃ።

ኦርቪል፦ ስማ ባዚል፣ ከጠዋት ጀምሮ በዚህች ወረቀት ነዘነዝከኝ። ሣጥን ላይ ይለጠፋል፣ ተለጥፏል፣ አበቃ!

ባዚል፦ መለጠፉንስ ተለጥፏል።

ኦርቪል፦ እና?

ባዚል፦ ቦታው አይደለም።

[ይህ ሁሉ የሚሆነው በካናዳ፣ በኦታዋ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ፋብሪካ የመላኪያ ክፍል ውስጥ ነው። ፋብሪካው በጨለማ የሚያበሩ ደቃቅ የመስታወት ቱቦዎች ይሠራል። ቱቦዎቹ ውስጥ ትሪቲየም የሚባል ጨረር ያለው ጋዝ ስለተሞላ ያለ ባትሪ ዓመታት ያበራሉ፤ ሠራዊቶችም ለኮምፓስና ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ ይገዟቸዋል። ስለዚህ ያለ መንግሥት ፈቃድ አንዲት ፍሬ ከአገር አትወጣም። ፈቃዱን አይቶ «ይውጣ» ብሎ የሚፈርመው የክፍሉ ኃላፊ ኦርቪል ነው። ሃያ አራት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህን የሚመሰክረው ግን ራሱ ብቻ ነው። ባዚል አሻጊ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚናገር ሰዎች ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስላቸዋል። ምሳ ካለፈ ቆይቷል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው። ሹፌሩ ሬዣን በር ላይ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል።]

ኦርቪል፦ [ማስመሪያ አንስቶ] እሺ፣ ለአንተ ዕረፍት ስል ልለካው። ከላይ አራት ጣት፣ ከታች አራት ጣት። ቀጥ ብሏል! እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር ያየኸው በማበጠሪያ የከፈልኩትን የፀጉሬን መስመር ብቻ ነው።

ባዚል፦ የትኛውን ፀጉር?

ኦርቪል፦ ወሬ አታስቀይስ! እሺ፣ ወዴት ይሁንልህ?

ባዚል፦ ወደ ግራ።

ኦርቪል፦ ምን ያህል?

ባዚል፦ ሁለት እርምጃ።

ኦርቪል፦ ሁለት ምን?

ባዚል፦ እርምጃ። በአንተ እግር ከሆነ ሁለት ተኩል።

ኦርቪል፦ ሰውዬ፣ ሣጥኑ እኮ ክንድ አይሞላም! ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብለጥፈው አየር ላይ ነው የሚንጠለጠለው!

ባዚል፦ አየር ላይ አይደለም፣ እዚያ ጋ ሌላ…

ኦርቪል፦ በቃ! አየር ላይ ወረቀት የሚለጥፍ አሻጊ ሰጡኝ! ይህን ፈቃድ ለማግኘት ስንት ወር ደጅ እንደጠናን ታውቃለህ?

ባዚል፦ ሰባት።

ኦርቪል፦ ሰባት… እንዴት አወቅህ? ብቻ ተወው። ማን እንደሚቀበለው፣ ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚውል ጠይቀው ጠይቀው ነው የፈረሙልን። እስቲ አንብበው!

ባዚል፦ [በጣቱ እየተከተለ] «ለወታደራዊ… ኮምፓስ። ወደ… ኖርዌይ።»

ኦርቪል፦ ጎበዝ። ማንበብ ተችሏል።

ባዚል፦ አለቃ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለሣጥኑ ነው ወይስ ውስጡ ላለው?

ኦርቪል፦ [ሆዱን ይዞ ስቆ] ለሣጥኑ! መንግሥት አናጢ ነው እንዴ? ውስጡ ላለው ነው እንጂ!

ባዚል፦ እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር። ታዲያ ከፈት አድርጎ ማየት…

ኦርቪል፦ እኔ? እኔ ሣጥን ሳይ ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ባዚል፦ አሁን ምን ይታይሃል?

ኦርቪል፦ አራት መቶ የኮምፓስ ቱቦ። እያንዳንዱ የክብሪት እንጨት ያህላል። ያበራል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሃያ አራት ዓመቱ ሩብ ይቀረዋል። ይኼ ነው እውቀት!

ባዚል፦ አንተ እዚህ ስንት ዓመትህ ነው አልከኝ?

ኦርቪል፦ ሃያ አራት።

ባዚል፦ እህ።

[ሬዣን ጥሩምባ ይነፋል።]

ኦርቪል፦ መጣሁ በለው! ምን ትላለህ አንተ?

ባዚል፦ ኮምፓስ ይተኮሳል ወይ እላለሁ።

ኦርቪል፦ ምን?

ባዚል፦ ወታደሩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በኮምፓሱ ያነጣጥራል? ምላጭ ይስባል?

ኦርቪል፦ የፈጣሪ ያለህ! ኮምፓስ ሰሜንን ነው የሚያሳየው!

ባዚል፦ ሰሜን ምን አጠፋ?

ኦርቪል፦ አይተኮስም! የሚተኮሰው ጠመንጃ ነው! የጠመንጃው ቱቦ ሌላ ነው፤ እንደ ሩዝ ፍሬ ድቅቅ ያለች። የእሷ ፈቃድ ደግሞ ገና አልመጣም። በኮምፓስ ፈቃድ አንዲት የጠመንጃ ፍሬ ብትወጣ ምን እንደሚከተል ታውቃለህ?

ባዚል፦ ምን ይከተላል?

ኦርቪል፦ ተቆጣጣሪዎቹ ከኦታዋ ይወርዳሉ። ፋብሪካው ይታሸጋል። አርባ ሰው ሥራ ፈትቶ ወንዙ ላይ በረዶ እየበሳ ዓሣ ሲጠብቅ ይከርማል። የፈረመው ሰውማ ዳኛ ፊት ነው የሚቆመው!

ባዚል፦ የሚፈርመው ማን ነበር?

ኦርቪል፦ [ደረቱን ነፍቶ] እኔ!

ባዚል፦ [ባርኔጣውን አውልቆ] አይ ኦርቪል። ደግ ሰው ነበርክ።

ኦርቪል፦ ምን ሆነሃል? ባርኔጣህን አድርግና ሣጥኑን ጫን!

ባዚል፦ እጭነዋለሁ። ብቻ ወረቀቱ አሥራ አራት ኪሎ ይላል፣ ሚዛኑ ስድስት ይላል። ማንኛውን ልመን?

ኦርቪል፦ ወረቀቱን! ሚዛኑን ብርድ መቶታል።

ባዚል፦ ብርድ ስምንት ኪሎ ይበላል?

ኦርቪል፦ አታምነኝም? ይኸው መበላሸቱን ላሳይህ። [ሚዛኑ ላይ ወጥቶ] ዘጠና አንድ! አየህ? እኔ እኮ ሰማንያ ሁለት ነኝ!

ባዚል፦ ሚዛኑ ደህና ነው አለቃ።

ኦርቪል፦ ተበላሽቷል እያልኩህ!

ባዚል፦ ሰማንያ ሁለት የነበርከው ልጅህን የዳርክ ጊዜ ነው። ሱሪ ያዋስኩህ እኔ ነኝ።

[ኦርቪል ከሚዛኑ ይወርዳል። ሆዱን፣ ሚዛኑን፣ ከዚያ ሣጥኑን ያያል። ዘጠና አንድ እውነት ከሆነ ስድስትም እውነት ነው።]

ኦርቪል፦ ባዚል።

ባዚል፦ አቤት።

ኦርቪል፦ መብራቱን አጥፋው እስቲ።

[ባዚል ያጠፋል። ኦርቪል የሣጥኑን ክዳን ቀስ አድርጎ ያነሳል። አራት መቶ ደቃቅ አረንጓዴ ብርሃኖች ጺሙን ያበሩታል።]

ኦርቪል፦ ሩዝ።

ባዚል፦ ሩዝ።

ኦርቪል፦ የጠመንጃው ነው።

ባዚል፦ የጠመንጃው ነው።

ኦርቪል፦ የኮምፓሱስ የት አለ?

ባዚል፦ [በጨለማው ውስጥ እጁን ዘርግቶ] ሁለት እርምጃ ወደ ግራ።

[መብራት ይበራል። በስተግራ፣ መደርደሪያው ሥር፣ ወረቀት ያልተለጠፈበት ሌላ ግራጫ ሣጥን ተቀምጧል። ኦርቪል ወንበር ፈልጎ ዘፍ ይላል። የታሸገው ፋብሪካ፣ ሥራ የፈቱት አርባ ሰዎች፣ ዳኛው፣ ሁሉም በዓይኑ ሄዱ።]

ኦርቪል፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ባዚል፦ በሦስት ሰዓት ነገርኩህ። «የአንተ ሥራ ማሸግ ነው» አልከኝ። በሦስት ተኩል ደገምኩልህ። ስለ ጨረር አንድ ሰዓት አስተማርከኝ። ከዚያ ወዲያ መናገሩን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ሲነግሩህ አትሰማም፤ ሲጠይቁህ ግን መልሱን ሳትነግር አትተኛም።

ኦርቪል፦ [ወረቀቱን ልጦ፣ ሁለት ተኩል እርምጃ ሄዶ፣ የኮምፓሱን ሣጥን ከፍቶ አንድ በአንድ ካየ በኋላ ይለጥፈዋል፤ ይፈርማል] ጫነው። በቀስታ።

[ባዚል ሣጥኑን አድርሶ ይመለሳል። ጢሙ በረዶ ሠርቷል።]

ኦርቪል፦ ባዚል፣ ይኼን ነገር ለማንም አታውራ። እለምንሃለሁ።

ባዚል፦ ለማን አወራዋለሁ? ሁሉም ያውቃል።

ኦርቪል፦ ማን ሁሉም?

ባዚል፦ ጋዝ መሙያ ክፍል ያሉት። ሬዣንም። የነፋው ጥሩምባ «ገባው ወይ?» ማለቱ ነበር። እስኪገባህ ሣጥኑን እንዳይነካ ነግሬዋለሁ።

ኦርቪል፦ አርባ ሰው እንጀራው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ትጫወታላችሁ!

ባዚል፦ አልቆመም። አንተ ብትፈርምም እኔ አልጭነውም ነበር። ስለዚህ ተወራረድን።

ኦርቪል፦ በእኔ ላይ?

ባዚል፦ በአንተ ላይ። የተሸነፈ የሁሉንም መኪና በረዶ ሊጠርግ።

ኦርቪል፦ [ተነስቶ] ያቺ የመሙያ ክፍሏ ጆስሊን ናት! መቼ ይገባዋል አለች?

ባዚል፦ «ምሳ ሳያልፍ አይገባውም» አለች። የቀሩት ስምንቱም ከእሷ ጋር ሆኑ።

ኦርቪል፦ ስምንቱም! እንዲህ ንቀውኛል? አንተስ? አሥራ አንድ ዓመት አብረኸኝ የሠራኸው አንተስ ምን አልክ?

ባዚል፦ እኔማ «ኦርቪልን አታውቁትም፣ ብልህ ሰው ነው፣ ከጠዋቱ የሻይ ሰዓት አያልፍም» አልኩ።

ኦርቪል፦ [ድምፁ ለስልሶ] ብቻህን?

ባዚል፦ ብቻዬን። [አካፋውን ከግድግዳ ያነሳል፤ የባርኔጣውን የጆሮ መሸፈኛ ያወርዳል] ዘጠኝ መኪና ነው። ደህና ዋል አለቃ።